ኤንኤፍኤስ ቢዘገይም ነባሪውን ቅንብር አይንኩ

ጠያቂያችን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያሉ ፋይሎችን በኤንኤፍኤስ፣ ማለትም ፋይሎችን በኔትወርክ ለሌሎች ኮምፒውተሮች በሚያጋራው ሥርዓት፣ ያጋራሉ። መጻፍ ሲዘገይባቸው አንድ ባልደረባቸው «አሲንክ»፣ «ሶፍት» እና «ኖ ሩት ስኳሽ» የተባሉትን ምርጫዎች እንዲያስገቡ መክሯቸዋል፤ የትኛውን ልቀበል ይላሉ። ለእርስዎ ሥራ ሦስቱንም አይቀበሉ።

ከሁሉም የሚከፋው አሲንክ ነው። በነባሪው ሲንክ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ያላረፈውን ውሂብ «አርፏል» አይልም። ከኤንኤፍኤስ ሥሪት 3 ጀምሮ ይህ ብዙ ጊዜ አያባክንም፤ ደንበኛው ኮምፒውተር ውሂቡን በተከታታይ ይልካል፣ ሰርቨሩ ለጊዜው በማህደረ ትውስታ ይይዘዋል፣ በመጨረሻ ደንበኛው «ኮሚት» በተባለ ጥያቄ መጻፉን ያረጋግጣል። ማረጋገጫው እስኪደርሰው ቅጂውን አይጥልም፤ ሰርቨሩ በመሐል ቢወድቅ እንደገና ይልከዋል። አሲንክ ይህንን ማረጋገጫ ሐሰት ያደርገዋል። ሰርቨሩ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ሲል ደንበኛው አምኖ ቅጂውን ይጥላል፤ ያኔ ኃይል ቢቋረጥ ውሂቡ በሁለቱም ዘንድ የለም። የስህተት መልእክት እንኳ አያዩም። ይህን ያህል የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ሶፍት ደግሞ፣ ሰርቨሩ ሲዘገይ ተስፋ ቆርጦ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ያንን ስህተት በወጉ የማያስተናግድ ፕሮግራም ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ጎደሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ነባሪው ሃርድ ግን ሰርቨሩ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ መጠበቁ ያናድዳል፣ ፋይሉ ግን ይተርፋል። ሶፍትን የምፈቅደው ለንባብ ብቻ ለሚከፈት ማውጫ ነው።

ኖ ሩት ስኳሽ ፍጥነት አይጨምርም። የደንበኛውን ኮምፒውተር ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ፣ በተጋራው ማውጫ ላይም ሩት ያደርገዋል፤ አንድ ኮምፒውተር ከተደፈረ ፋይሎችዎ ሁሉ ተደፈሩ ማለት ነው።

መዘግየቱ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ሲፈጠሩ ከሆነ የሚሰማዎት፣ እያንዳንዱ ፋይል ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ስለሚጠበቅ ነው። ገንዘብዎን ኃይል ቢቋረጥም ውሂቡን የሚያድን መከላከያ ባለው ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ላይ ያውሉት።

በሰርቨሩ ላይ የትኛው ማውጫ ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሚጋራ የሚጻፍበትን ኤክስፖርትስ የተባለውን ፋይል ሲከፍቱ ደግሞ ክፍተቶቹን ይመልከቱ። በኮምፒውተሩ ስምና በቅንፉ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ካለ፣ በቅንፉ ውስጥ የሰጡት የመጻፍ ፈቃድ ለዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን ሰርቨሩን ሊያገኝ ለሚችል ሁሉ ይሆናል። ካስተካከሉ በኋላ «ኤክስፖርትኤፍኤስ ሰረዝ ቪ» የሚለው ትእዛዝ በሥራ ላይ ያሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ያሳይዎታል።