ለአማተር ቴአትር ኦዲሽን የምትዘጋጁ፦ የጠየቃችሁትና መልሱ

ብዙ ሰው የመተወን ፍላጎት እያለው ከኦዲሽን (ከተዋናይ መምረጫ ፈተና) በር ይመለሳል፤ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ስለማያውቅ ነው። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ከእናንተ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልጉትን አስረዝሜያለሁ፣ ሌሎቹን በአጭሩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ ከተማሪነቴ ወዲህ መድረክ ረግጬ አላውቅም። ልሞክር?

መልስ፦ ይሞክሩ። አማተር ቡድን ውስጥ ወጣት ሞልቶ፣ አባትና እናት፣ ዳኛና ጎረቤት ሆኖ የሚጫወት ሰው ነው የሚጠፋው። አዘጋጁ ክፍያ ከሌለው ሰው ጋር ለሁለት ለሦስት ወር ሊሠራ ስለሆነ በሰዓቱ የሚገኝ፣ የሚያዳምጥና የተባለውን ለመሞከር የማይፈራ ሰው ይፈልጋል። ቅጹ ላይ ስለ ልምድ ሲጠየቁ «የለኝም» ብለው ይጻፉ። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት በአንድ ተከታይ ጥያቄ ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ «የሁለት ደቂቃ መነባንብ (አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚናገረው) ይዛችሁ ኑ» ተባልን። ምን ዓይነት ልምረጥ? እንዴትስ ላጥና? (ጠያቂዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈተን ናት)

መልስ፦ ሁለት ደቂቃ ከተባልሽ አንድ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ የሚፈጅ አዘጋጂ። ፈታኞቹ ሰዓት ይዘው «ይበቃል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው መጨረሻው፣ ማለትም ጥሩው ክፍል ነው። ስትለኪም ቁጭ ብለሽ በማንበብ አትለኪ፤ ቆመሽ፣ ዝምታውንም ጨምረሽ እንደምትጫወቺው አድርገሽ ለኪ።

ከርዝመቱ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በምርጫው ነው። ያለፈ ነገርን ብቻ የሚያወራ መነባንብ ተዋናይዋን ተራኪ ያደርጋታል። ገጸ ባሕርይዋ ፊት ለፊቷ ካለ ሰው አንድ ነገር የምትፈልግበትን ፈልጊ፦ ይቅርታ፣ ፈቃድ፣ ገንዘብ፣ እውነቱን መስማት። ስትጀምር ያለችበትና ስትጨርስ የምትደርስበት ቦታ ይለያይ። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በጩኸትና በለቅሶ የሚሄድ ጽሑፍ ይቅርብሽ፤ በአሥረኛው ሰከንድ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲያ መሄጃ ያጣል። ለኮሜዲ የምትፈተኚ ከሆነ አስቂኝ ያዢ፣ ዕድሜዋም ለዕድሜሽ የቀረበ ይሁን።

የወጣበትን ተውኔት ሙሉውን አንብቢ። «ለማን ነው የምትናገረው? ከዚህ በፊት ምን ተፈጥሮ ነበር?» ተብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ስታጠኚ ጽሑፉን በሐሳብ ከአምስት እስከ ስድስት ቦታ ክፈዪና በየክፍሉ ዳር አንድ ግሥ በእርሳስ ጻፊ፦ «ትለምናለች»፣ «ታባብላለች»፣ «ታስፈራራለች»። ቃሉን ስታጪ ሐሳቡ መልሶ ያመጣልሻል። ቢቻል አሥር ቀን ስጪው። ዕቃ እያጠብሽ፣ አልጋ እያነጠፍሽ ሳትደናቀፊ ካልሽው ገብቶሻል፤ ቁጭ ብለሽ ብቻ የምትይው ከሆነ መድረክ ላይ ይጠፋብሻል።

ጥያቄ፦ መነባንቡን ስል ፈታኞቹን ልያቸው?

መልስ፦ ካልጠየቁህ አትያቸው። ዓይናቸው ውስጥ ስትገባ አብረውህ እንዲጫወቱ ታስገድዳቸዋለህ፣ ማስታወሻ መያዝም አይችሉም። የምታናግረውን ሰው ከኋላቸው፣ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ በአንተ ዓይን ቁመት አስቀምጠው። በግራ ወይም በቀኝ ጥግ ካቆምከው ግማሽ ፊትህ፣ ወለሉ ላይ ካደረግኸው ሙሉ ፊትህ ይሰወርባቸዋል።

ጥያቄ፦ እዚያው አዲስ ጽሑፍ ሰጥተው «አንብቡ» ሲሉ እደናገጣለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአማተር ኦዲሽን ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉን ስትቀበሉ ቃል ለመሸምደድ አትሞክሩ፤ ያላችሁ አምስት ደቂቃ ቢሆን እንኳ ለሦስት ነገር ይበቃል። እኔ ማን ነኝ፣ ከዚህኛው ሰው ምን እፈልጋለሁ፣ ነገሩ የሚገለበጠው የትኛው መስመር ላይ ነው? የማታውቁት ቃል ካለ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስቀንስም።

ቀጥሎ ጽሑፉን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ አንብቡት። የአማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ስለማይለይ ዓይን ይሸወዳል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ «ይመታል» ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። የሚያጠራጥረው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ሌላው የቋንቋችን ጣጣ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ትንፋሽ አልቆ ድምፅ ከወደቀ «መጣ» ይሁን «አልመጣም» ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይሰማም። ስለዚህ ከረጅም ዓረፍተ ነገር በፊት ተንፍሱ፣ ድምፃችሁንም እስከ ግሡ ድረስ ያዙት።

ወረቀቱን በአንድ እጅ ደረት ላይ ያዙት፤ አገጭ እንዳይሸፍን ግን። በአውራ ጣታችሁ መስመሩን እየተከተላችሁ ጥቂት ቃላት በዓይናችሁ አንሡ፣ ቀና በሉ፣ ለሰውየው ተናገሩት፣ ተመለሱ። በመካከል የሚፈጠረው ጸጥታ ለእናንተ ረጅም ይመስላል፤ ለተመልካች ማሰብ ነው። በቅንፍ ያለውን («ተቆጥቶ»፣ «በሩን ከፍቶ») ድምፅ አውጥታችሁ አታንብቡ።

ከሁሉም በላይ ሌላው ሲናገር የራሳችሁን ቀጣይ መስመር ቀድማችሁ አትፈልጉ። እሱን እዩት። አዘጋጅ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውን ተዋናይም ይመለከታል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚታለፈው እዚያ ነው። ካነበባችሁ በኋላ «አሁን ደግሞ እንደምትወዳት ሆነህ በላት» ቢባል ስለተሳሳታችሁ አይደለም። መለወጥ ትችሉ እንደሆነ እየፈተነ ነውና ለውጡን ጎላ አድርጉት። በግማሽ ከለወጣችሁት ያልሰማችሁ ይመስላል።

ጥያቄ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አፌም ይደርቃል።

መልስ፦ ወረቀቱን ጠንካራ ክላሰር ላይ አድርጊው፤ የሚታየው የእጅሽ ሳይሆን የወረቀቱ መንቀጥቀጥ ነው። ጉልበትሽን አታድርቂ፣ በትንሹ እጠፊው። ከመግባትሽ በፊት አራት እየቆጠርሽ ወደ ውስጥ፣ ስምንት እየቆጠርሽ ወደ ውጭ አምስት ጊዜ ተንፍሺ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጪ፣ ከንፈርሽንም እያርገበገብሽ ድምፅሽን አሟሙቂ።

ጥያቄ፦ መሀል ላይ ቃሉ ቢጠፋብኝስ?

መልስ፦ ዝም በል፣ ተንፍስ፣ የምታናግረውን ሰው እየው፤ ሐሳቡን በራስህ ቃል ብለህ እለፍ። ፊትህን አጨማድደህ «ይቅርታ» ካልክ ያላስተዋለውም ያስተውላል። ጨርሶ ከጠፋህ «ከዚህ ልቀጥል» በልና ቅርብ ካለው የሐሳብ መነሻ ያዝ። እንደገና ከመጀመሪያው መጀመርን ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው፤ «16 ባር ዘፈን» ማለት ስንት ነው?

መልስ፦ ባር ማለት ዘፈኑ በእኩል ምት የሚከፈልበት ክፍል ነው። በአንድ ባር አራት ምት ያለው ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ከሄደ 16 ባር 32 ሰከንድ ነው፤ በ80 ምት ከሄደ 48 ሰከንድ። ከፍተኛው ድምፅሽ በደህና የሚወጣበትን ክፍል ምረጪ፤ ቤት ውስጥ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ብቻ የምትደርሺበትን ኖታ አትያዢ። ፒያኖ የሚያጅብ ሰው ካለ ኖታው በአንቺ ድምፅ ልክ የተጻፈ ይሁን፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ምልክት ይደረግበት። ፍጥነቱን የመጀመሪያውን መስመር በቀስታ ዘፍነሽ አሳዪው፤ ጣት እያጮኹ ማዘዝ አጃቢን ያስቀይማል። በስልክ የምታጅቢ ከሆነ ድምጻዊ የሌለበትን ቅጂ ቀድመሽ ቆርጠሽ፣ ስልኩንም ጥሪ እንዳይቀበል አድርገሽ ግቢ።

ጥያቄ፦ ምን ልልበስ?

መልስ፦ የምትንቀሳቀስበትን ልብስና የማያንሸራትት ጫማ። ፀጉር ግንባርህን አይሸፍን። የገጸ ባሕርይውን አልባሳት ለብሰህ አትምጣ።

ጥያቄ፦ ቅጹ ላይ የማልችልባቸውን ቀናት ብጽፍ አይጥሉኝም?

መልስ፦ ሁሉንም ጻፊ። ሦስት ቀን መቅረትን አዘጋጁ በፕሮግራም ያቻችለዋል፤ ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ድንገት ሲሰማው ግን ሌላው ሁሉ ተዋናይ ይጉላላል። የማይደራደሩበት ከመክፈቻው በፊት ያለው ሳምንት ነው፤ መብራቱ፣ ድምፁና አልባሳቱ የሚገጣጠሙት ያን ጊዜ ነው። «ሌላ ገጸ ባሕርይ ቢሰጥሽ ትቀበያለሽ?» ለሚለውም ከልብሽ መልሺ። አዎ ብሎ ዝርዝሩ ሲለጠፍ መተው ቡድኑን ሁለተኛ ኦዲሽን ውስጥ ይከታል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ተጫውቼ አልተመረጥኩም። ምክንያቱን መጠየቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ «ለሚቀጥለው ምን ላሻሽል?» ብለህ። አዘጋጅ ተዋንያንን የሚመርጠው አጣምሮ ነው። እናትና ልጅ ተብለው የሚታመኑ፣ በቁመትና በድምፅ የሚመጣጠኑ ሰዎችን ሲፈልግ ጎበዝ ሰው ከውጭ ይቀራል። ከፈቀድክ በመብራት ወይም በመድረክ ዕቃ ሥራ ግባ፤ አዘጋጁ እንዴት እንደሚሠራ ከቅርብ ታያለህ፣ ሰው ሲጎድልም ቅርብ ያለው ይጠራል።

ጥያቄ፦ ስጨርስ ምን ልበል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ቃል በኋላ ሁለት ሰከንድ ባለህበት ስሜት ቆይ፣ ከዚያ «አመሰግናለሁ» በል። ግን አትውጣ፤ «አንድ ጊዜ እንደገና፣ አሁን ቁጭ ብለህ» ሊሉህ ይችላሉ። «ሂድ» እስኪሉህ ቁም።