ያልወጣችሁበትን ተራራ በድፍን መስመር አትሳሉ

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ጎንደር ጂኦሎጂ የምትማሩ አላችሁ፤ ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ የምትዞሩም አላችሁ። "ድንጋይ እየቀጠቀጥኩ ምን ላገኝ ነው?" ብላችሁ ትምህርቱን ለመቀየር የምታስቡም አትጠፉም። አንዳንዶቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል። ቡና እየጠጣን በቁርጥራጭ ያወራነውን አሁን በወረቀት ላይ ላኑረው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በካርታ ሥራ ኖሬያለሁ፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ፣ እናንተም እንድትወዱት እፈልጋለሁ።

የትኛው ዓለት የት እንዳለ የሚያሳየው የጂኦሎጂ ካርታ ላይ ሦስት ዓይነት መስመር አለ። ሁለት ዓለቶች የሚገናኙበትን ቦታ በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ በዓይናችሁ ካያችሁት ድፍን መስመር ትስላላችሁ። "በዚህ ማለፍ አለበት" ብላችሁ ከገመታችሁ የተቆራረጠ መስመር ነው። አፈር ወይም ደለል ሸፍኖት ከሥር ይቀጥላል የምትሉት ደግሞ በነጠብጣብ ይሳላል። ገና ስትጀምሩ የምትማሩት ነገር ነው። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔም ረስቼው ነበር።

ወጣት ሳለሁ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለ አንድ አገር ካርታ እሠራ ነበር። ባዛልቱን፣ ከእሳተ ገሞራ ፈሳሽ የረጋውን ጥቁር ድንጋይ፣ ሰንጥቆ የወጣ፣ እንደ ግንብ የቆመ ቀጭን ዓለት አገኘሁ፤ እኛ ዳይክ የምንለው። ሁለት ቀን ሙሉ ተከተልኩት። በሦስተኛው ቀን የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ወረደ፣ ዋልካው መኪናውን ያዘው፣ ሹፌሩ "ዛሬ ካልወጣን ክረምቱን እዚሁ ነን" አለኝ። የቀረኝ አንድ ኮረብታ ብቻ ነበር። ከግርጌው ቆሜ አየሁት፤ ዓለቱ ያንኑ አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። ቢሮ ገብቼ ኮረብታውን አቋርጦ የሚያልፍ ድፍን መስመር ሳልኩ።

ከዓመታት በኋላ በዚያ አካባቢ ለአንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ሆነ። እንዲህ ያለ ዳይክ አንዳንዴ ከመሬት በታች እንደ ግድብ ሆኖ ውሃ ያቁራል፤ ስለዚህ ቦታ የመረጡት ባለሙያዎች ካርታዬን አምነው ከመስመሩ በላይ በኩል አስቆፈሩ። ጉድጓዱ ደረቅ ወጣ። ለካ ዳይኩ ኮረብታውን ሳይወጣ አልቋል። ወሬውን በአጋጣሚ ሰምቼ ሄድኩ። አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው "ልጄ፣ ውሃው የት ሄደ?" አሉኝ። ውሃው ነበረ፣ በኋላ ሸሸ ብለው ነው ያሰቡት። ምን ልበላቸው? ኮረብታውን መውጣት አርባ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ "አገር አቀፍ የጂኦሎጂ ካርታ ለኢንቨስትመንት ይጠቅማል" ሲባል ስትሰሙ እኚያን እናት አስቡልኝ። ሰው ካርታ ሲባል ወርቅ ነው ቶሎ የሚመጣለት። እዚህ እኛ አገር ግን ካርታው በመጀመሪያ የውሃ፣ የድንጋይና የናዳ ጉዳይ ነው።

ጎንደርን ራሷን እዩ። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቀምጣለች። ዐፄ ፋሲል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ሲቆረቁሯት ግንቡ የታነፀው ከዚሁ ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ፣ በኖራ ተያይዞ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ ዙሪያ የምታዩት ቀላ ያለ ድንጋይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ፣ ለመጥረብ የሚመች ዓይነት ነው። የዚያን ዘመን ግንበኞች የትኛው ድንጋይ ሸክም እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚቀረጽ ለይተው ያውቁ ነበር። ዛሬ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች የድንጋይ ካባ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ቦታው የሚመረጠው በዓይን ግምት ነው። ጥቂት ወር ይቆፈርና ጠንካራው ድንጋይ አልቆ የበሰበሰው ይመጣል። ብድሩ ግን ይቀራል። አንድ ጥሩ ዝርዝር ካርታ ቢኖር እነዚያን ልጆች ያድናቸው ነበር፤ ይሄ እንደ ወርቅ ዜና አይሆንም፣ እንጀራ ግን ነው።

ውሃውንም ታውቁታላችሁ፣ ጄሪካን ይዛችሁ ተሰልፋችኋል። የአንገረብ ግድብ ከታሰበው በላይ ፈጥኖ በደለል ሞልቷል። ደለሉ ከየትኛው ተዳፋት፣ ከየትኛው የላላ አፈር እንደሚመጣ የሚነግራችሁ የተፋሰሱ የጂኦሎጂና የአፈር ካርታ ነው። ከዚያ ወደ ደባርቅ ውጡና ሊማሊሞን ተመልከቱ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫው እየፈሰሰ ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቧል፤ ስሜን የቆመው በዚያ ላይ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ግን ቀይ፣ ጭቃ የበዛበት አፈር ተኝቶ ታያላችሁ፤ አንዱ ላቫ ቀዝቅዞ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የነበረ የጥንት አፈር ነው። ክረምት ላይ ውሃ ሲገባበት ያንሸራትታል። በ2016 ሐምሌ ጎፋ ላይ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። የናዳ ሥጋት ካርታ ሰውን ከተራራ ሥር ቀድሞ ለማንሳት ነው የሚሠራው፤ ከቀብር በኋላ ለሪፖርት ማያያዣ እንዲሆን አይደለም።

አንድ ታሪክ ጣል ላድርግላችሁ፣ ሁልጊዜ ስለሚከነክነኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የናፒየር ጦር በአውሮፓውያን 1868 መቅደላ ሲደርስ፣ ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር፤ ከሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው። በየመንገዱ ድንጋዩን እያየ ጻፈ። "አሻንጌ"፣ "መቅደላ" ብሎ ለዓለት ምድቦች የሰጣቸውን ስሞች እስከ ዛሬ በየክፍሉ ትማራላችሁ። የቋራው ካሳ የሞተበት አምባ ስም በሳይንስ መዝገብ የገባው በወራሪው ጦር እንግዳ እጅ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ የዛሬው ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ የተቋቋመው በ1968 ነው፣ በዚያው በእነሱ አቆጣጠር። ልክ መቶ ዓመት። ብላንፎርድ ጎበዝ ባለሙያ ነበር፣ ሥራውን አከብራለሁ። ግን አገራችሁን ሌላ ሰው ቀድሞ ሲያነባት ምን እንደሚመስል እወቁ።

አሁን ወደ ባለሀብቱ እንምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጥሩ። ግን የራስህን ሀብት ልክ ካላወቅህ በምን ትደራደራለህ? ኩባንያው የራሱን ጥናት ይዞ ይመጣል፣ እኛ በባዶ እጅ እንቀመጣለን። የማዕድን ፍለጋ ደግሞ ከባድ ቁማር ነው፤ ከብዙ ምርመራ ውስጥ ለማዕድን ማውጫነት የሚበቃው በጣም ጥቂቱ ነው። ባለሀብት ገንዘቡን የሚያፈሰው መነሻ ካርታ፣ የወንዝ ደለል ናሙና ውጤት፣ የመግኔትና የስበት ልኬት ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቀው አገር ነው፤ የመጀመሪያውን የጨለማ ጉዞ መንግሥት ስለሄደለት።

እና ታዲያ፣ የኩባንያው ጂኦሎጂስት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ካርታችሁን ይይዝና ሦስት አራት ቦታ ሄዶ ያረጋግጣል። ድፍን መስመር ባለበት ምንም ካላገኘ የቀረውን አያምንም። አይከራከራችሁም፣ አይቆጣችሁም፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የተቆራረጠ መስመር አይቶ ግን የሸሸ ባለሙያ አላየሁም፤ እንዲያውም "እዚህ ጋ ገና ያልታየ አለ" ብሎ ነው የሚጓጓው።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኛው የአገራችን ካርታ የተሠራው በ1፡250,000 ነው፤ 1 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ መጠን 100 ሜትር ስፋት ያለው ዓለት ወረቀቱ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የእርሳስ ጭረት ነው። ሁለት ሜትር የሚሰፋ የወርቅ ጅማትማ ጭራሽ የለም። ስለዚህ "ካርታችን አልቋል" ሲሏችሁ "በስንት መጠን?" ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ የቀረው ሥራ 1፡50,000 እና ከዚያም የበለጠ ዝርዝር ነው፤ እድሜ ልክ ይበቃችኋል።

ወሎ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ በአውሮፓውያን 2008 ሲገኝ ያገኙት ገበሬዎቹ ናቸው። ኦፓሉ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ በሚያልፍ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው። ያንን ንጣፍ ተከትለው በመዶሻና በዶማ ወደ ውስጥ ቆፈሩ፣ ጣሪያው እየተናደ የሰው ሕይወት ጠፋ። ንጣፉ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚይዝ አስቀድሞ የሳለላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

የኛው ጭልጋም አለላችሁ። ከተማው አይከል ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሊግናይት የሚባል፣ ደረጃው ዝቅ ያለ የድንጋይ ከሰል አለ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰል በዶላር ሲገዙ ስለኖሩ ዓይን ተጥሎበታል። በዚያው የደለል ክምችት ውስጥ ግን 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶችና የዕፅዋት ቅሪቶች ወጥተዋል፤ በአውሮፓውያን 2003 ለዓለም ተነግሯል። አፍሪካና ዓረቢያ ከእስያ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት እዚህ ምን ይኖር እንደነበር የሚናገር ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ከሰሉን አታውጡ አልልም። የቱ ጋ ከሰል፣ የቱ ጋ አጥንት እንዳለ ንጣፍ በንጣፍ ሳይሳል ግን ኤክስካቫተር መግባት የለበትም፤ በዚህ አልደራደርም። ይህን ካርታ ደግሞ መሥራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ከቤታችሁ ቁርስ በልታችሁ የምትደርሱበት ቦታ ነው።

"መሣሪያ የለንም" ትሉኛላችሁ። በእኛ ጊዜ የአየር ፎቶ ለማየት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ሳምንት ይጠበቅ ነበር። ዛሬ የላንድሳትና የሴንቲኔል ሳተላይቶችን ምስል በነፃ ታወርዳላችሁ፣ ካርታ መሥሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ በነፃ ነው፣ ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ አለ። ተጠቀሙበት! ግን ሳተላይት ላዩን ነው የሚያየው። አፋር ላይ ዓለቱ ራቁቱን ነው፣ ብዙ ይነግራችኋል። ደምቢያ ላይ የሚያሳያችሁ ዋልካና ጤፍ ነው። እዚህ አገር መጨረሻው እግር ነው፣ እረኛ መጠየቅ ነው፣ የወንዝ ገደል ውስጥ መውረድ ነው። ገበሬውን ስታገኙ ደግሞ ሰላምታ ሳትሰጡ ማሳው ውስጥ መዶሻ አታንሱ። ምን እንደምትሠሩ ንገሩት። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው መሬት በክረምት እንደሚሰነጠቅ ከእሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። የነገራችሁንም ጻፉት፣ ከነቀኑ።

ማስታወሻ ደብተራችሁን በእርሳስ ጻፉ፣ ቀለም ዝናብ ይወስደዋል። ናሙና ስታነሱ ቁጥሩን ከረጢቱም ላይ ደብተሩም ላይ አድርጉ። አለቃ "ቶሎ ጨርሱ፣ ካርታው ባዶ ቦታ አይኑረው" ሲላችሁ፣ ይላችኋል፣ ሳትጣሉ ግን ሳትለቁ "አላየሁትም" በሉ። መጀመሪያ ጊዜ ይከብዳል።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት የመመረቂያ ሥራዋን የምትሠራ ልጅ ካርታዋን ይዛ መጣች። ከሊማሊሞ በታች ያለ ቦታ ነው። ንጹሕ ሥራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን መስመሯ ድፍን ሆኖ ይመጣና ኮረብታው ሲጀምር ይቆራረጣል። "እዚህ ጋ ምን ሆንሽ?" አልኳት። ደንግጣ "ጋሼ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ አልወጣሁበትም" አለችኝ። ካርታውን አጥፌ መለስኩላት፣ አንድም ነገር አላረምኩም። በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ ትመለስበታለች። ጉልበቴ ከፈቀደ እስከ ኮረብታው ግርጌ አብሬያት እሄዳለሁ።