«ቶሎ ከሄድሽ ይመልሱሻል» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ 36 ሳምንት ሞልቶኛል። ማታ ማታ ሆዴ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ይለቃል። ባለቤቴ የአዳር ሥራ ስላለው ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቴ «ቶሎ ከሄድሽ ይመልሱሻል» ትለኛለች። ምጥ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመመለሱ ልጀምር። አዋላጅ ነርስ ሆኜ እንኳ በመጀመሪያ ልጄ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ወለድኩ። ያን ጊዜ ቤታችን ጀሞ ዳር ነበር። ዝናብ ጥሎ ባጃጅ አልገባ ስላለ እስከ አስፋልቱ በእግሬ ወጣሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ ምጡ ሲመጣብኝ የአጥር ቆርቆሮ ይዤ እየቆምኩ። እና ይመልሱኛል ብለሽ አትቅሪ። እኔን የሚያስፈራኝ መንገድ ላይ መውለድ ነው።

የነገርሽኝ የውሸት ምጥ ይመስላል። ጋደም ስትዪ፣ ውሃ ስትጠጪ፣ ትንሽ ስትራመጂ ይተውሻል። እውነተኛው አይተውም። ብዙ ጊዜ ከወገብ ይነሳና ወደ ፊት ይዞራል፤ እየቆየ ይጠነክራል፣ ይቀራረባል። ሰዓት ያዢ። ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ቁጠሪ። ለመጀመሪያ ልጅ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ነው ሂጂ የሚባለው። አንቺ ግን ከኮዬ ነው የምትነሺው፣ ያን ሁሉ ደረጃም ትወርጃለሽ። በየ10 ደቂቃው ሲሆን ውጪ። 37 ሳምንት ሳይሞላሽ እየተደጋገመ ከመጣ ደግሞ ምንም ሳትቆጥሪ ሂጂ።

ሰዓት የማይጠበቅባቸው አሉ። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ምጥ ባይኖርም። ደም ከፈሰሰሽ። ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚሉሽን እባክሽ አትስሚ። ቦታ ስለሚጠበው አገላበጡ ይለወጥ ይሆናል እንጂ መንቀሳቀሱን አይተውም። በዚህ ተዘናግተው ዘግይተው የመጡ እናቶችን አዋልጃለሁ፤ ዛሬም ከልቤ አልወጡም።

ሌላው አያስደንግጥሽ። ሆድሽ ወረድ ይላል፣ ትንፋሽ ይቀልሻል፣ ሽንት ያመላልስሻል። 37 ሳምንት ከሞላሽ በኋላ ትንሽ ደም የነካካው ወፍራም ፈሳሽ ብታዪ የማህፀንሽ በር እየተዘጋጀ ነው፤ ምጡ ግን ቀናት ሊቆይ ይችላል።

ዛሬ ባለቤትሽ ሥራ ሳይገባ ሁለታችሁ ተቀመጡ። ሌሊት የሚሠራ የሰፈር ባለመኪና ስልክ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ትርፍ ቁልፍ ለጎረቤትሽ ስጪ፤ በሌሊት ብትደውይላት ደረጃውን ደግፋ ታወርድሻለች። የክትትል ካርድሽን፣ ጋቢውንና የልጁን ልብስ በአንድ ቦርሳ አድርገሽ በሩ ጋ አስቀምጪ። መብራት ስለሚጠፋ ስልክሽን በጊዜ ቻርጅ አድርጊ። የሆድሽን መጠጠር ደግሞ ለቀጠሮ ሳታቆዪ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው።

በሰላም ያገላግልሽ።