የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቡናው ዋጋ እስከ የት ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ ሃምቡርግ ውስጥ አነስተኛ የቡና መቁያ ቤት አለኝ። አንድ ኮንቴይነር ቡና በቀጥታ ከአገር ቤት ለመግዛት አስቤ ሁለት ላኪዎችን ዋጋ ብጠይቅ፣ አንደኛው በኪሎ 6.20 ዶላር «ኤፍኦቢ ጅቡቲ»፣ ሌላው 6.45 ዶላር «ሲአይኤፍ ሃምቡርግ» ብለው ጻፉልኝ። ቡናው ሃምቡርግ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የሻጩ ይሆናል ብዬ ወደ ሁለተኛው አዘንብያለሁ። ተሳስቻለሁ? ኤልሲ (ሰነዶች ሲቀርቡለት ባንኩ ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ቃል) ብከፍትስ ቡናው ከናሙናው ያነሰ ሆኖ ቢመጣ ገንዘቤ ይጠበቅልኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሲአይኤፍን የተረዱበት መንገድ ለኪሳራ ሊዳርግዎ ስለሚችል መልሳችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

እነዚህ አጠራሮች፣ መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ ካወጣቸውና ኢንኮተርምስ ከሚባሉት የንግድ ደንቦች የተወሰዱ ናቸው፤ የ2020ው እትም 11 ደንቦችን ይዟል። እያንዳንዱ ደንብ ወጪው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚዞርበትን ቦታና አደጋው የሚዞርበትን ቦታ ለይቶ ይወስናል። በኤፍኦቢ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ናቸው፤ ላኪው ቡናውን ጅቡቲ አድርሶ መርከቡ ላይ ሲያስጭን ድርሻው ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የመርከቡ ኪራይም፣ ኢንሹራንሱም፣ አደጋውም የእርስዎ ነው። በሲአይኤፍ ግን ሻጩ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን እስከ ሃምቡርግ የሚከፍል ቢሆንም፣ አደጋው ልክ እንደ ኤፍኦቢ ሁሉ ቡናው ጅቡቲ ላይ ከተጫነ ጀምሮ ወደ እርስዎ ዞሯል። ስለዚህ ቡናው በጉዞ ላይ ቢበላሽ ካሳ የሚጠይቁት ከሻጩ ሳይሆን ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ነው፤ ሻጩ ሰነዶቹን አሟልቶ እስካቀረበ ድረስ ዋጋውን የመቀበል መብት አለው።

ኢንሹራንሱም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። በሲአይኤፍ ሻጩ የሚገደደው የውሉን ዋጋ 110 በመቶ የሚሸፍን ዝቅተኛ መድን እንዲገባ ብቻ ሲሆን፣ ይህም «ክሎዝ ሲ» የሚባለው ነው። የመርከብ መስጠምን፣ እሳትንና ግጭትን የመሰሉ ከባድ አደጋዎችን ይሸፍናል፤ ስርቆትን ግን አይሸፍንም፣ ቡና አብዝቶ የሚፈራውን በኮንቴይነር ውስጥ የሚፈጠር የእርጥበት ጠብታም እንዲሁ። ሰፊው «ክሎዝ ኤ» እንዲገባልዎ፣ ኮንቴይነሩም ከመሞላቱ በፊት ግድግዳው በወረቀት እንዲለበስ በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። የጦርነት አደጋ መድን ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ነው፤ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች በመጠቃታቸው ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው ለመሄድ መገደዳቸውን ሲያስቡ፣ ይህን ወጪ መቆጠብ አይመከርም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ አንድ ባለ20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ ባለ60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። የ25 ሳንቲሙ ልዩነት በዚህ ሲባዛ 4,800 ዶላር ይሆናል። አንድ የጭነት አስተላላፊ ከጅቡቲ ሃምቡርግ ያለውን ኪራይና «ክሎዝ ኤ»ን ከዚህ ባነሰ ዋጋ ከሰጠዎ ኤፍኦቢው ይረክሳል፤ ከበለጠ ደግሞ ሲአይኤፉ። አገር ቤት ውስጥ ዋጋ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ በውጭ ገበያ ደግሞ ፓውንድ በሚባለው የክብደት መለኪያ ስለሚነገር፣ ሌሎች ዋጋዎችን ሲያነጻጽሩ አስቀድመው ሁሉንም ወደ ኪሎ ይለውጡ።

ኤልሲን በተመለከተ፣ ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ቡናን አይደለም። ሻጩ የመርከብ መጫኛ ሰነዱን፣ ፋክቱሩንና በኤልሲው የተጠየቁትን ሌሎች ወረቀቶች ሳይዛነፉ ካቀረበ፣ በጆንያው ውስጥ ያለው ቡና የቱንም ያህል ከናሙናው ቢያንስ ባንኩ ይከፍላል። ጥበቃ የሚያገኙት ኤልሲው ሲከፈት፣ ከሁለታችሁም ነጻ የሆነ መርማሪ ከመጫኑ በፊት ጥራቱንና ክብደቱን አረጋግጦ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ካዘዙ ነው። ያጸደቁትን ናሙና ግማሹን ደግሞ አሽገው እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሳ ከደረሰው ቡና ጋር የሚመዘነው እርሱ ነውና።