የሜክሲኮው የሱፍ ብርድ ልብስ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቴክሳስ ነው። በቅርቡ ቀይና ሰማያዊ የሜክሲኮ ብርድ ልብስ ስገዛ ሻጩ «በእጅ የተሸመነ፣ በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ንጹሕ ሱፍ ነው» አለኝ። እውነትነቱን በምን ልወቅ? ሽመናውስ የአገሬው ነው ወይስ ስፔኖች ያመጡት?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንነሣ። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመድረሳቸው በፊት በሜክሲኮ ምድር በግ አልነበረም፤ የአገሬው ሰዎች ግን አንድ ጫፉ ከዛፍ፣ ሌላው ከሸማኔዋ ወገብ ጋር በሚታሰር ቀላል መሣሪያ ጥጥና ቃጫ ይሸምኑ ነበር። ስለዚህ በጉና በእግር የሚረገጠው የሽመና ዕቃ ከባሕር ማዶ ቢመጡም ያረፉት ሙያ በለመደ እጅ ላይ ነው። በደቡብ፣ በኦአሃካ ግዛት፣ የቴኦቲትላን ዴል ቫዬ መንደር ሸማኔዎች፣ ሳፖቴክ የተባለው የአገሬው ሕዝብ ተወላጆች፣ የጥንታዊቷን የሚትላ ከተማ የድንጋይ ግድግዳ ጌጥ እስካሁን በሱፍ ያወጡታል። በሰሜን ደግሞ ቀን የሚደረበው፣ ሌሊት የሚለበሰው ሳራፔ የተባለው ብርድ ልብስ ዝናውን ያገኘው በሳልቲዮ ከተማ ሲሆን፣ በአጠገቧ እ.ኤ.አ. በ1591 የሰፈሩት፣ ከመካከለኛው ሜክሲኮ የመጡት የትላክስካላ ተወላጆች ስማቸው ከዚህ ሙያ ጋር አብሮ ይነሣል።

ቀዩ ቀለም በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከተባለ ጥቃቅን ተባይ ይገኛል። ሴቶቹ ተለቅመው፣ ደርቀውና ተፈጭተው ሱፉ ይነከርባቸዋል፤ ሎሚ ሲጨመር ቀዩ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። በቅኝ ግዛት ዘመን ከብር ቀጥሎ የአገሪቱ ውድ የወጪ ሸቀጥ ይኸው ነበር። (ለቀለም ተብሎ ትግራይ ገብቶ በኋላ በለሱን የጎዳውም ይኸው ተባይ ነው።) ሰማያዊው ከኢንዲጎ ተክል ይወጣል።

ወደ ብርድ ልብስዎ እንመለስ። በእጅ በተሸመነው ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፤ ተሰፍቶ የተቀጠለ ከሆነ ይጠራጠሩ። ማጉ ድሩን ፈጽሞ ስለሚሸፍነው ንድፉ በፊትም በጀርባም ያው ነው። ከጠርዙ አንዲት ክር መዘው ቢያቃጥሉ፣ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል፤ አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል።

የቀለሙን ነገር ግን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ የፋብሪካ ቀለም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ስለተስፋፋ፣ ጥሩ ሸማኔ በእጁ የሠራው ሱፍ ሁሉ በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሻጩን «ቀዩ በምን ተነከረ?» ብለው ይጠይቁት፤ «ኮቺኒል» ካለና ዋጋው እጅግ ርካሽ ከሆነ፣ ሱፉን ይመኑ፣ ቀለሙን ግን አይመኑ።