የአባትሽ ሌንስ አልሞተም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አልፎ አልፎ ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ። ካሜራዬ ሶኒ አልፋ 6000 ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ሣጥኑን ስንከፍት በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ዘኒት ካሜራ አገኘን። ካሜራው አይሠራም። ሌንሱ ግን ደህና ይመስላል፤ «ሄሊዮስ 44-2» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሌንሱን ከካሜራዬ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት (አዳፕተር) ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ገጠምኩት። ካሜራው ግን ሌንስ የለም እያለ አላነሳ አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄማ የቡፌ ጌጥ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ለጥምቀት ልሠራበት ነበር ያሰብኩት። ምን ይሻለኛል?
ው.፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ባልደረባሽ ግን ለመሳቅ ቸኩሏል።

ካሜራሽ አልተበላሸም፣ ሌንሱም አልሞተም። የዛሬ ሌንስ ከኋላው ባሉት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ከካሜራው ጋር ያወራል። ያንቺው ግን ዲዳ ነው። ካሜራው ሲጠራው አቤት የሚለው ስለሌለ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሜኑ ውስጥ ግቢና የማርሽ ምልክት ያለበትን ክፍል ፈልጊ። «ሪሊዝ ዊዝአውት ሌንስ» የሚል መስመር ታገኛለሽ። «ኢኔብል» አድርጊው። ከዚያ ከላይ ያለውን መዘውር «ኤ» ላይ አዙሪ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት፣ አንቺ በእጅሽ ትመርጫለሽ፤ የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት፣ ካሜራው ይመርጣል። ይኸው ነው ጣጣው።

ስለ ሌንሱ ትንሽ ላውራ፣ ስለምወደው ነው። 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ እስከ 2 የሚከፈት (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚገኘው ፋብሪካ መሠራት የጀመረ ነው። ንድፉ ከጀርመኑ ዛይስ ቢዮታር የተቀዳ ነው። የፊቱ ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እይው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ይነግሩሻል። 78 ብሎ ከጀመረ በፈረንጅ 1978 ነው፤ በእኛ 1970 አካባቢ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዳፕተሩ። ልጅ ሆነን በአጉሊ መነጽር ፀሐይ ሰብስበን ወረቀት አቃጥለናል። መነጽሩን ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ ካደረግሽው ወረቀቱ አይጨስም። የሌንስም ነገር እንዲሁ ነው። ያንቺ ሌንስ ከተቀመጠበት ጠርዝ እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቀት ይፈልጋል። የሶኒሽ ጠርዝ ግን ከሰንሰሩ፣ በፊልም ፋንታ ምስሉን ከሚቀበለው፣ የሚርቀው 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የቀረውን 27.46 ሚሊሜትር የሚሞላው አዳፕተሩ ነው። ውስጡ መስታወት የለውም፣ ባዶ ቱቦ ነው። ስለዚህ ርካሹም ይበቃል፤ ልኩ ትክክል ከሆነ።

«ከሆነ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዓመት ጥምቀት ላይ አዲስ አዳፕተር ሳልፈትሽ ይዤ ፋሲል መዋኛ ሄድኩ። አጠገቤ የቆሙት ልጆች ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ከውሃው ማዶ ያሉት ካህናትና ጥላዎቻቸው ግን በሙሉ ጭጋግ ለብሰዋል። የፎከሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው ባዞረውም ወይ ፍንክች! ቤት መጥቼ ስለካው አዳፕተሩ በጥቂቱ ረዝሟል። የረዘመ አዳፕተር ሩቁን ይነሳሻል። ያጠረ ይሻላል፤ ቀለበቱ ከሩቅ ምልክቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጠራል እንጂ ምንም አይጎድልብሽም። ስለዚህ ከጥምቀት በፊት አንድ ማለዳ ጎሃ ኮረብታ ውጪና የፋሲል ግንብን ማማዎች በስክሪኑ አጉልተሽ እያቸው። ከጠሩ አዳፕተርሽ ደህና ነው።

ሌንሱ ላይ አፐርቸር የሚያዙ ሁለት ቀለበቶች አሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ግራ የሚጋባው። የፊተኛው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የምትፈልጊውን ቁጥር በእሱ ትመርጫለሽ። ሁለተኛው ድምፅ የለውም፤ ከ2 እስከ መረጥሽው ቁጥር ድረስ እየተንሸራተተ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለምሳሌ የፊተኛውን 5.6 ላይ አድርጊ። በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ክፈቺና የሰውየውን ዓይን ፎከስ አድርጊ። ከዚያ ዓይንሽን ሳትነቅይ ሁለተኛውን እስኪቆም አዙሪና አንሺ። ተዘግቶ እያለ ፎከስ ካደረግሽ ሁሉም ነገር የጠራ መስሎ ይሸውድሻል።

ካሜራሽ «ፒኪንግ» አለው። የጠራውን ጠርዝ በቀለም ያሳይሻል። ቀይ አድርጊው። እኔ ግን ለፊት አላምነውም። ሽፋሽፍቱ ላይ ቀይ አይቼ ካነሳሁ በኋላ የጠራው ጆሮው ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ለዓይን ስክሪኑን ማጉላት ይሻላል።

ለጥምቀት ሰልፍ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሆታው ሲደምቅ ቀለበት ለማዞር ጊዜ የለሽም። አፐርቸሩን 8፣ ርቀቱን 5 ሜትር ላይ አድርጊና ተዪው። ከ4 ሜትር እስከ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ያለው ሁሉ ይጠራል። ረፋድ ላይ በጥር ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ሆኖ የሻተሩ ፍጥነት 1/800 አካባቢ ይመጣልሻል፤ የሚዘለውንም ሰው ያቆመዋል። ጎህ ሲቀድ ግን ብርሃን የለም። ያኔ እስከ 2 ክፈቺ፣ አይኤስኦውን ጨምሪ፣ ፍጥነቱ ከ1/125 እንዳይወርድ ተጠንቀቂ። ካሜራሽ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያርም ነገር በውስጡ የለውም።

ውሃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ራቅ በይ። ለነፍስ በረከት ነው፣ ለሌንሱ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሌንስ ሰው የሚወደው ከበስተጀርባ ያለውን ቅጠል አዙሪት ስለሚያስመስለው ነው። ያንቺ ሰንሰር ከፊልሙ ስለሚያንስ ዳር ዳሩን ይቆርጠዋል፤ አዙሪቱ ይቀንሳል፣ ሌንሱም እንደ 87 ሚሊሜትር ጠበብ ብሎ ያይልሻል። ለፊት ግን ግሩም ነው። ሙሽራዋን መዋኛው ግቢ ውስጥ፣ የዛፉ ሥር ከተጠመጠመበት አጥር አጠገብ አቁሚያት። ቅጠሉ ከኋላዋ በደንብ ይራቅ። አንቺ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሆነሽ በ2 አንሺ። ከዚያ ፎቶውን ለዚያ ባልደረባሽ አሳዪው።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ሌንስ አለኝ። ካሜራዬ ኒኮን ዲ5300 ነው። አዳፕተር ልግዛ?
ፀ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ካሜራ ብለህ ገንዘብህን አታውጣ። የኒኮንህ ጠርዝ ከሰንሰሩ 46.5 ሚሊሜትር ይርቃል። ሌንሱ ደግሞ 45.46 ነው የሚፈልገው። አዳፕተር ሳይገባ ገና አንድ ሚሊሜትር አልፈሃል። ሩቁን ለማምጣት መስታወት ያለበት አዳፕተር ይሸጣል፤ ያ መስታወት ግን ጥራቱን ያደበዝዘዋል። መስታወት በሌለው ቅርቡን ብቻ ታነሳለህ። ለቀለበት፣ ለአበባ፣ ለሕፃን እጅ ያገለግላል። በዚያ ላይ ይህ ካሜራ በዲዳ ሌንስ ብርሃን አይለካልህም፣ ሁሉንም በግምት ነው። ውስጡ የሚገለበጥ መስተዋት ባለው የካኖን ካሜራ ቢሆን ጠርዙ ከሰንሰሩ የሚርቀው 44 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀጭን ቀለበት ይበቃ ነበር። ሚረርለስ፣ ማለትም እንደ ሶኒው የሚገለበጥ መስተዋት የሌለው ካሜራ፣ ያለው ጓደኛ ካለህ ሌንሱን አውሰው፣ ፎቶውን ተካፈሉ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይዟል። ፈትቼ ልጥረገው?
ከማራኪ

መልስ፦ ሻጋታ ነው። በክረምት ቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ከርሞ ይሆናል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ስለዚህ ከማኅደሩ ለየው። ቅዳሜ ገበያ ጫማ ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛትን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣላት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከሌንሱ ጋር አስቀምጣት። ድሩ ጥቂት ከሆነ በፎቶው ላይ ላይታይ ይችላል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣ ብቻ ነው ጭጋግ የሚያመጣው። መስታወቱን ከበላው ግን ጠርገኸው እንኳ ምልክቱ አይጠፋም።

መፍታቱን ለሚችል ሰው ስጥ። የፎከሱ ጥርስ ብዙ መግቢያ አለው፤ ትክክለኛው ግን አንዱ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጥርሶቹ ከመለያየታቸው በፊት በመርፌ ጭሬ ምልክት ሳላደርግ ፈታሁት። አንድ ሙሉ እሑድ ስሞክር ዋልኩ፤ ሩቁ አልመለስ አለ። ያ ሌንስ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተኝቷል።