የጃፓን ጎራዴዬ ፎቶ ላይ የወጥ ቤት ቢላዋ መሰለች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሲያርፉ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሸጡ፤ እኔም አንዲት የጃፓን ጎራዴ ገዛሁ። ብረቷ 47 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሚያውቅ ሰው ፎቶዋን ልልክ ብዬ ስንት ቀን ታገልኩ። በዓይኔ የማየው ያ እንደ ደመና የሚወዛወዝ መስመር ፎቶው ላይ የለም። እጀታዋን ሳወልቅ ያገኘሁት ጽሑፍም አይነበብም። ብርሃን አንሶ ይሆናል ብዬ ሁለት ትልልቅ መብራት ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰ። ያለኝ ካሜራ የስልኬ ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራቶቹን መመለስ የሚቻል ከሆነ መልሳቸው።

በልኳ ከሆነ ያንተዋ ዋኪዛሺ የሚሏት አጭር ጎራዴ ናት፤ ረጅሟ፣ ካታና፣ ለመባል ከ60 ሳንቲ ሜትር ማለፍ ነበረባት። እኔም አንዲት አለችኝ። መጀመሪያ ቀን ነጭ አንሶላ ላይ አጋደምኳት፣ መጋረጃውን ከፈትኩና አነሳኋት። ፎቶውን ሳሰፋው ብረቱ ላይ የኮርኒሱ መብራትና የገዛ ባለመስመር ሸሚዜ ቁጭ ብለዋል። የተወለወለ ብረት መስታወት ነው። ፊቱ ያቆምክለትን ያሳይሃል።

ስለዚህ ጨለማ አሳየው። ማታ አንሳ፣ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፋ። ከሥሯ ጥቁር ከፋይ አንጥፍ። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አቁመህ ከፊቱ ጥቁር ካርቶን አድርግ፤ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ አውጣለት። ሸሚዝህም ጥቁር ይሁን። ባለቤቴ ጨለማ ውስጥ ጎራዴ ታቅፌ ስታገኘኝ ምን እንዳለች ግን አልነግርህም።

አሁን ወደ መስመሩ። ጃፓኖች ሃሞን ይሉታል። አንጥረኛው ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ ጀርባው ላይ ወፈር፣ ስለቱ ላይ ሳሳ አድርጎ። ስለቱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል፤ ጀርባው እንደለሰለሰ ይቀራል። ሃሞን የሁለቱ ድንበር ነው። ድንበሩ ላይ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። የተወለወለው ገጽ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ወርውሮ ይገላገለዋል። ክሪስታሎቹ ግን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ካሜራህ መያዝ ያለበት ይችን የተበተነችውን ነው።

አንድ ትንሽ ራቁት አምፖል ይበቃሃል። ሽፋን አታድርግበት። ከጎራዴዋ ጫፍ ባሻገር፣ አንድ ሜትር ያህል አርቀህ አብራው። ከዚያ ስክሪኑን እያየህ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው። መጀመሪያ አምፖሉ ራሱ ብረቱ ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። እሱ ከፎቶው ሊወጣ ሲል ብረቱ ይጠቁራል፤ ሃሞኑ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ቀጥ በል! ትንሽ ካለፍክ ይጠፋል። እኔ የመጀመሪያዋን ደህና ፎቶ ለማግኘት ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ አይበራልህም፤ አምስት ስድስት ቦታ ከፋፍለህ አንሳው።

ትልልቆቹ መብራቶችህ ያን ጨለማ ነው ያጠፉብህ። ሌላም ጣጣ አላቸው። ጎራዴ የሚወለውለው ባለሙያ በስስ ድንጋይ ስለቱን የሚያነጣበት ሥራ አለ፤ ሃዶሪ ይባላል። በሰፊ ብርሃን ጎልቶ የሚወጣው ነጭ ቀበቶ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሃሞኑን መንገድ በግምት ይከተላል፣ ዝርዝሩን ግን ይሸፍናል። የሚያውቅ ሰው ያን አይቶ «ሃሞኑስ የታለ?» ይልሃል።

ስልኩ ይበቃል። 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀም፤ ሰፊው ከቅርብ ሲያነሳ የጎራዴዋን ጉብጠት ያዛባል። ስክሪኑን ተጭነህ ትኩረቱን ቆልፍ፣ ብርሃኑን ቀንስ፣ በሰዓት ቆጣሪው አንሳ።

እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ክፍል ናካጎ ነው፤ ጽሑፉ ሜይ። እዚህ ላይ አሠራሩ ይለወጣል። የዛገ ብረት እንደ መስታወት አያንጸባርቅም። አምፖሉን ከጎን አምጥተህ ብረቱን ሊነካ እስኪል ዝቅ አድርገው። የመሮው ጭረቶች ጥላ ይጥሉና ፊደሉ ይነሳል። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እያበራህ ሁለቱንም ገጽ አንሳ። ደግሞ ይነበብልኝ ብለህ ዝገቱን እንዳትፍቀው፣ አደራህን! ባለሙያው ዕድሜዋን የሚገምተው ያን ዝገት ጭምር አይቶ ነው። የተፋቀ ናካጎ ዋጋዋን ይጥለዋል። ስትልክለት ሙሉዋን ከነጉብጠቷ የምታሳየውን ፎቶ አስቀድም፤ ልኳንም ጻፍለት።

ከማንሳትህ በፊት አሮጌውን ዘይት ንጹሕ አልኮል በነካ ለስላሳ ወረቀት ጥረገው፤ ካለበለዚያ ፎቶው ላይ እድፍ ይመስላል። ወረቀቱን በጀርባዋ በኩል ይዘህ ከእጀታው ወደ ጫፉ ሂድ። ስትጨርስ ቾጂ የሚባለውን የጎራዴ ዘይት ሳሳ አድርገህ ቀብተህ ወደ ሰገባዋ መልሳት። ብረቱን በጣትህ እንዳትነካው። እኔ አንድ ቀን አቧራ አየሁና በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሻራዬ ቡናማ ሆኖ ታትሞ አገኘሁት። እስካሁን አለ። እሱን ለማንሳት ምንም ጥበብ አላስፈለገኝም፤ በየትኛውም መብራት ቁልጭ ብሎ ይወጣል።